ቦንዱ ፖላር፣ ሞለኪውሉ ግን አይደለም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ፍኖተ ሰላም የምኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ፈተና ላይ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፖላር ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ጥያቄ መጣ። የካርቦንና የኦክስጅን ቦንድ ፖላር ስለሆነ «ነው» ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ ገባብኝ። ቦንዱ ፖላር ከሆነ ሞለኪውሉ እንዴት ሳይሆን ቀረ? ውኃስ ለምን ፖላር ሆነ? መምህሩን ብጠይቀው «ቅርፁን እዪ» ብሎኝ ሄደ።

መልስ፦ ሸጋ ጥያቄ ነው። ኤክሷ ግን ተገቢ ናት፣ አትቀየሚ። መምህርሽም ልክ ነው፣ ቸኩሎ ነው እንጂ።

አቶሞች ኤሌክትሮን ተጋርተው ሲተሳሰሩ ቦንድ እንለዋለን፤ ሲጋሩ ግን ሁልጊዜ እኩል አይካፈሉም፤ አንዱ ወደ ራሱ ይስባል። ይህን የመሳብ አቅም ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ እንለዋለን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 አሜሪካዊው ኬሚስት ላይነስ ፖሊንግ መለኪያ አበጀለት፤ ዛሬ በምንጠቀምባቸው ቁጥሮች ኦክስጅን 3.44፣ ካርቦን 2.55፣ ሃይድሮጅን 2.20 ነው። እንግዲህ ኦክስጅን ከሁለቱ ከማንኛቸውም ጋር ቢጣመር ኤሌክትሮኑን ወደ ራሱ ይጎትታል። እሱ ትንሽ ኔጋቲቭ፣ ጓደኛው ትንሽ ፖዘቲቭ ይሆናሉ፤ ፖላር ማለት እንዲህ አንዱ ወገን ኔጋቲቭ፣ ሌላው ፖዘቲቭ ሲሆን ነው። እስከዚህ አልተሳሳትሽም።

አሁን በሬ አስቢ። አንድ ግንድ ላይ እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት በሬዎች አስረሽ፣ አንዱን ወደ ቡሬ፣ ሌላውን ወደ ደምበጫ ብትነጂያቸው ግንዱ ንቅንቅ አይልም። በሬዎቹ ግን አልለገሙም፣ ላባቸው ጠብ እስኪል ጎትተዋል! ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይኸው ነው። ካርቦኑ መሃል፣ ሁለቱ ኦክስጅኖች ግራና ቀኝ፣ 180 ዲግሪ ቀጥ ያለ መስመር። ሁለቱ ጉተታዎች ተጣፉ፣ ሞለኪውሉ ኖንፖላር (ፖላር ያልሆነ) ሆነ።

ውኃስ? እሱ ላይ ኦክስጅኑ ከማንም ጋር ያልተጋራቸው ሁለት ጥንድ ኤሌክትሮኖች አሉት። እነሱም ቦታ ይፈልጋሉ፣ ሃይድሮጅኖቹን ወደ አንድ ወገን ይገፏቸዋል፣ ማዕዘኑም 104.5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ሞለኪውሉ ጎበጠ። ጉተታዎቹ ስለማይጣፉ የኦክስጅኑ ወገን ኔጋቲቭ፣ የሃይድሮጅኖቹ ወገን ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል።

ይቺ ጉብጠት ቀላል እንዳትመስልሽ። የአንዱ ውኃ ሃይድሮጅን የሌላውን ኦክስጅን ይይዛል፣ በዚህም የተነሳ ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል (እኛ ደጋ ላይ ከዚያ ያንሳል)። የውኃ የቅርብ ዘመድ የሆነው፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ግን ቅርፁም ጎባጣ ሆኖ ሳለ −60 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ የሰልፈር ጉተታ ደካማ ነዋ።

ቤት ውስጥ ሞክሪው። በአንድ ብርጭቆ ውኃ ላይ የኑግ ዘይት ጠብ አድርጊ፣ በሌላው ማር በጥብጪ። ማሩ ውስጥ ያለው ስኳር የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ቦንድ ስለሞላው ውኃው ይቀበለዋል፣ ብርዝ ሆነልሽ። ዘይቱ ግን አብዛኛው አካሉ ረጅም የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለት ነው፣ የሁለቱ የኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ልዩነት ደግሞ 0.35 ብቻ ስለሆነ ፖላር አይባልም ማለት ይቻላል። ዘይቱ ውኃን ጠልቶ አይደለም የሚንሳፈፈው፤ ውኃው እርስ በርሱ ስለተያያዘ አያስገባውም፣ ቀላል ስለሆነም ላይ ይቀራል። ቅቤ የተቀባ ፀጉር በውኃ ብቻ አልለቅ የሚለውም ለዚሁ ነው። እንዶድ ሲጨመርበት የሚለቀው ደግሞ በአንድ በኩል ቅባቱን፣ በሌላው በኩል ውኃውን የሚይዝ ሞለኪውል ስላለው ነው።

ለቀጣዩ ፈተና ይቺን ሥሪ፦ ካርቦን ቴትራክሎራይድ አራት ፖላር ቦንድ አለው፣ ራሱ ግን ኖንፖላር ነው። አንዱን ክሎሪን አውጥተሽ ሃይድሮጅን ብትተኪበትስ? መጀመሪያ ሥዕሉን ሣዪ፣ ከዚያ መልሱን ላኪልኝ።