ከጎንደር ወይናደጋ ወደ ዓረብ አገር ሐሩር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ግንቦት ሲገባ ከጎንደር ወደ ዓረብ አገር የሚሄደው ሰው ሻንጣውን ያሰናዳል፤ እዚያ ያለው ደግሞ የዓመቱን ክፉ ወራት ይጀምራል። በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች ከተለያየ ሰፈር ቢመጡም ጉዳያቸው አንድ ነው፤ ሙቀት። ሐሩር አብዝቶ የሚጎዳው አዲስ ሰውን ነው፤ አዲሱንም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት። ከታች ያሉት መልሶች ሁሉ ከዚህ የሚነሡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ 5 ዓመት በግንበኝነት ሠርቻለሁ፤ ፀሐይ አይበግረኝም። በሰኔ ሪያድ ሥራ እጀምራለሁ። ቀድመውኝ የሄዱት ልጆች «የመጀመሪያው ሳምንት ይጥልሃል» ይሉኛል። እውነት ነው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እውነታቸውን ነው፣ ወንድማችን። የጎንደር ፀሐይ ታቃጥላለች እንጂ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ጥላ ውስጥ ስትገባ ወዲያው ይበርድልሃል። ሪያድ ላይ በእነሱ በጋ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ጥላውም ይሞቃል፣ ግድግዳው ቀን የዋጠውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል። ሰውነት ይህን የሚለምደው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በነዚያ ቀናት ላብህ ቀድሞ መውጣት ይጀምራል፣ መጠኑ ይጨምራል፣ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ የደምህ ፈሳሽ ይበዛል። ይህ ለውጥ ከመምጣቱ በፊት ጉልበትም ልምድም አያድንም። እንዲያውም «እችላለሁ» ብሎ የሚሽቀዳደመው ጎበዝ ነው ቀድሞ የሚወድቀው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሐሩር ላይ የምትሠራው የሙሉ ቀኑን አንድ አምስተኛ ብቻ ይሁን፤ 8 ሰዓት ከሆነ ከ1 ሰዓት ተኩል ብዙ አትለፍ። በየቀኑ አንድ አንድ አምስተኛ እየጨመርክ በ5ኛው ቀን ሙሉ ሥራ ትገባለህ። ፎርማኑ እምቢ ካለ ሥራ ቀንሱልኝ ማለት ትተህ ጥላ ውስጥ የሚሠራውን ጠይቅ፤ ብረት ማሰር፣ ዕቃ መለየት፣ ውስጥ ልስን። ቀኑን ሙሉ ኤሲ ውስጥ ተኝቶ መሰንበትም አያለማምድም። ሰውነት የሚለምደው ሙቀቱን ሲያገኝ ነው፤ ግን በልክ።

ውሃ እስኪጠማህ አትጠብቅ። በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ሩብ ሊትር ያህል፣ ጠጣ። ነገር ግን በ1 ሰዓት ውስጥ ከ1 ሊትር ተኩል አትለፍ። በላብ ጨው እየወጣ ባዶ ውሃ ብቻ ሲገባ የደም ጨው ይቀጥናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ ይመጣል፤ ሰውየውም ውሃ ያነሰው መስሎት ይጨምራል። የጨው ክኒን መዋጥ አያስፈልግም፣ ምግብህን ሳትዘል መብላት ይበቃል። ብዙ ባላበህ ቀን ኦ አር ኤስ በጥብጥ። ከሌለህ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሁሉ ልሙጥ ሆኖ። ቀምሰኸው ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ተበላሽቷል፤ ድፋውና እንደገና ሥራ። ሽንትህ ፈዛዛ ከሆነ ደህና ነህ፣ እንደ ጠላ ከጠቆረ ዘግይተሃል።

ሕጉንም እወቅ። በሳዑዲ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 (በአውሮፓውያኑ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15) ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። በኤምሬትስ በዚያው ወቅት ከ6፡30 እስከ 9፣ በኩዌት ከጁን 1 እስከ ኦገስት 31 ከ5 እስከ 10፣ በኳታር ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከ4 እስከ 9፡30። ሰዓቶቹን የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እነሱ ስድስታችንን አሥራ ሁለት ይሉታል። የሥራ ፕሮግራም በዓረብኛ ሲሰጥህ ይህን ካላሰብክ ዕረፍትህን ታሳልፈዋለህ።

ጥያቄ፦ እህቴ ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። አምና ግቢ ስታጥብ ወድቃ አብራት ያለችው ልጅ የምታደርገው ጠፍቷት ነበር። ለሁለቱም በስልክ ምን ልንገራቸው? (ከማራኪ)

መልስ፦ መጀመሪያ ድካምን ከፀሐይ ምት ይለዩ። ሰውየው ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ ገላው በላብ ረጥቦ ከቀዘቀዘ፣ እግሩ ከተኮማተረ፣ ግን በትክክል የሚናገር ከሆነ ድካም ነው። ጥላ ውስጥ አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ ኦ አር ኤሱን በትንሽ በትንሹ ማጠጣት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መሻል አለበት።

ንግግሩ ከተወላገደ፣ የት እንዳለ ከጠፋው፣ ከተንገዳገደ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ፀሐይ መትቶታል፤ ይህ ገዳይ ነው። «ላብ እያላበው ነውና አልመታውም» የሚባለው ስሕተት ነው። ሥራ ላይ እያለ የተመታ ሰው ብዙ ጊዜ ላቡ አይቆምም። አንዷ አምቡላንስ ትጥራ፣ ሌላዋ ታቀዝቅዝ። ልብስ ማውለቅ፣ ያገኙትን ቀዝቃዛ ውሃ መላ ገላው ላይ ሳያቋርጡ ማፍሰስ፣ ማራገብ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ማድረግ። ገንዳ ካለ እስከ አንገቱ መንከር ከሁሉ ይበልጣል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም። ፓራሲታሞል ይህን ሙቀት አያወርድም፣ ክብሪት ማሽተትም ደቂቃ ያባክናል እንጂ አይረዳም። አምቡላንሱ እስኪደርስ ማቀዝቀዙ እንዳይቋረጥ አደራ።

ስልኮቹን ግድግዳ ላይ ይጻፉ፦ ኩዌት 112፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኳታር 999። አምቡላንስ «ኢስዓፍ» ነው። ሴት «አና ዳይኻ» ካለች «አዞረኝ» ማለቷ ነው፤ ወንድ «አና ዳይኽ» ይላል። ይህችን ቃል ከመውደቅ በፊት መናገር ይገባል።

የቀትር ዕረፍቱ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ ይህ የሚያሳዝን ነው። ስለዚህ ግቢ ማጠብ፣ መኪና ማጠብ፣ ምንጣፍ ማስጣት ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት እንዲያልቅ እህትዎ ቀድማ ትነሣ። ለማዳሟም «ጠዋት ልጨርሰው» ብላ ታሳውቅ። ብዙዎች ሥራው እስካለቀ ድረስ ሰዓቱ አያሳስባቸውም።

ጥያቄ፦ የቀሃ ልጅ ነኝ፣ ዱባይ ነው የምሠራው። ቀዝቃዛውን ቧንቧ ስከፍት የሚያቃጥል ውሃ ይወጣል። የክፍሌ ኤሲ ሌሊቱን ይንጠባጠባል፣ ጠዋት ጉሮሮዬ ደርቆ እነሣለሁ። ጭኔና ጡቴ ሥርም ሽፍታ ወጥቶብኛል።

መልስ፦ የውሃው ነገር ቀላል ነው፣ እህታችን። ቀዝቃዛ የተባለው ውሃ ጣሪያ ላይ ካለው ታንከር ስለሚመጣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲያፈላው ይውላል። የመታጠቢያ ቤቱን ሂተር በማብሪያ ማጥፊያው አጥፊው። በማግሥቱ በውስጡ የቆየው ውሃ የክፍሉን ቅዝቃዜ ይይዛል፤ ያኔ በቀዩ ቧንቧ የሚወርደው ከሰማያዊው የበረደ ይሆናል። ለቤቱ ሰዎች ግን ንገሪ፣ ሕፃን ከማጠብሽ በፊትም በክንድሽ ሞክሪው።

ኤሲው ወደ ክፍል ውስጥ የሚንጠባጠበው ብዙ ጊዜ ማጣሪያው በአቧራ ስለታፈነ ወይም የውሃ መውረጃ ቱቦው ስለተደፈነ ነው። ከቆጣሪው ማብሪያ አጥፊው፣ የፊቱን ክዳን ወደ ላይ አንሺ፣ ሁለቱን ወንፊቶች ሳቢያቸው። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና እጠቢ፣ ጥላ ላይ እስኪደርቁ ጠብቂ፣ ከዚያ መልሺ። በአቧራው ወራት በየ2 ሳምንቱ ይደገም። ውስጡ በረዶ ሠርቶ ካገኘሽው በቢላ አትፈልፍዪ፤ ማቀዝቀዣውን ትተሽ ማራገቢያውን ብቻ 2 ወይም 3 ሰዓት አሠሪው። ታጥቦም በረዶ ከሠራ ጋዙ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው። 24 ዲግሪ ላይ አድርጊው፣ ነፋሱም ወደ ኮርኒሱ ይሁን እንጂ ፊትሽ ላይ አይምጣ። ከቤት የሚወጣ ሰው ጋቢ ይዞ መሄዱን አይናቅ፤ በዚያ አገር ጋቢ የሚያስፈልገው ለኤሲ ነው።

ሽፍታው የወበቅ ነው። እንደ ዱባይና ጅዳ ባሉ የባሕር ጠረፍ ከተሞች አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ላብ አይተንም፣ ቆዳ ውስጥ ይታፈናል። ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ልበሺ፣ ላብሽን ጠርጊ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበሽ ገላሽን በደንብ አድርቂ። ቫዝሊንና ቅባት ቀዳዳውን ስለሚደፍኑት ያብሱታል። ፀጉር ላይ የሚደረገው ቅቤም እየቀለጠ ግንባርና አንገት ላይ ይኸንኑ ያመጣልና እስከ ብርዳቸው ወራት ይቆይ።

ጥያቄ፦ ልጄ ጅዳ ናት። የጎንደር ጤፍ ልኬላት እንጀራው ይኮመጥጣል፣ ዓይን የለውም፣ በ2 ቀን ይሻግታል ትለኛለች። ዱቄቱ ተበላሽቶ ነው? (ከአራዳ)

መልስ፦ እናታችን፣ ዱቄቱ ደህና ነው፤ የተለወጠው ሰዓቱ ነው። እርሶ ቤት 3 ቀን የሚፈጀው ሊጥ እዚያ በሞቀ ወጥ ቤት ከ1 እስከ 1 ቀን ተኩል ይደርሳል። ልጅዎ በጎንደር ቀን ከቆጠረች ሊጡ አልፎበታል። እርሾውን በግማሽ ትቀንስ፣ በፍሪጅ ውሃ ታቡካ፣ ኤሲ ባለበት ክፍል ታስቀምጠው። ቀን መቁጠሯን ትታ ሊጡን ትመልከት። ኩፍ ብሎ ወርዶ ውሃው ከላይ ሲንሳፈፍ ደርሷል። ያን ውሃ ታጥልል። ለመጋገር ጊዜ ከሌላት ሊጡን ፍሪጅ ውስጥ ታስገባው፤ እዚያ መብላላቱ ያዘግማል።

ዓይን የሚያጠፋው ብዙውን ጊዜ አብሲቱ ነው። 1 ኩባያ ሊጥ በ3 ኩባያ ውሃ ታብስል፣ ግን እስኪበርድ ትጠብቅ። በሞቀ ወጥ ቤት አብሲት ቶሎ አይበርድም፤ ሳይበርድ ከተጨመረ እርሾውን ይገድለዋል። የተጋገረውም ሰፌድ ላይ ፍጹም ሳይበርድ ከተደራረበ እንፋሎቱ ታፍኖ ሻጋታ ያመጣል። በርዶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከላዩ ፕላስቲክ ተደርጎ ፍሪጅ ይግባ። ከ3 ቀን የሚተርፈው ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ደግሞ ይንገሯት። ጎንደር ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ 100 ይደርሳል። ባቄላና ሽንብራ እዚያ ቶሎ ይበስላሉ። በቤት ልማድ ጥዳ ከሄደች አሮ ታገኘዋለች።

ጥያቄ፦ ፍልሰታን እስከ 9 ሰዓት መጾም ለምጃለሁ። ዘንድሮ ደማም ነው የምውለው። ይቻላል? (ስም አይጻፍ)

መልስ፦ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሆነ የሚውለው በሐሩሩ እምብርት ላይ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ጤነኛ ሰው በጥንቃቄ ይችላል። ሙሉ ቀን ውጭ የሚሠራ ግን ውሃ ሳይጠጣ መዋሉ በእርግጥ አደጋ አለው። ይህን ከንስሐ አባትዎ ጋር ከመሄድዎ በፊት ይነጋገሩበት፤ ለታመመና ለደከመ ሰው ቀኖናው ራሱ ቦታ አለው።

ከጾሙ ከ9 ሰዓት እስከ መኝታ ድረስ 2 ሊትር ተኩል ያህል ከፋፍለው ይጠጡ። ሊነጋ ሲል 1 ሊትር በአንድ ጊዜ መጋት ዋጋ የለውም፣ በሽንት ወዲያው ይወጣል። ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ሐብሐብና ቴምር ውሃም ማዕድንም ይሰጣሉ። በጣም የተቆላና ጨው የበዛበት ምግብ ይቅር። ቡና በልክ ከሆነ የሚፈራውን ያህል ውሃ አይወስድም። ካዞረዎት ወይም ልብዎ በኃይል ከመታ ያኔውኑ ውሃ ይጠጡ። በሞቃት ወራት ለሚጾም የረመዳን ጿሚም የአጠጣጡ ነገር ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ አባታችን ልጆቹን ለመጠየቅ ዶሃ ሊሄዱ ነው። ኢንሱሊንና የግፊት ክኒን አላቸው። (ከአዘዞ)

መልስ፦ ኢንሱሊኑ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ የጭነት ክፍል ውስጥ ከበረደ ይበላሻል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። የተከፈተው አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ መኪና ውስጥ ግን ለአፍታም አይተው። የግፊት መድኃኒታቸው የሚያሸና ከሆነ በሙቀት ውሃ ስለሚያስወጣባቸው ሐኪማቸው መጠኑን ከጉዞው በፊት ይየው። መድኃኒቱ ሁሉ በራሱ ካርቶን፣ ከሐኪም ወረቀት ጋር ይሂድ። ትራማዶልና ኮዴን ያለበት ክኒን በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጥብቅ ይታያል። ጫት ለማንም አደራ ተብሎ አይወሰድም፣ ያሳስራል።

ጥያቄ፦ 4 ዓመት ኩዌት ኖሬያለሁ። አምና ሐምሌን ጎንደር አሳልፌ ስመለስ እንደ አዲስ ሰው ወደቅሁ። ለምን? (በስልክ)

መልስ፦ ልምዱ ስለጠፋብህ ነው። ሰውነት ሐሩሩን የለመደው ሙቀቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። 1 ሳምንት ስትርቅ መላላት ይጀምራል፣ በወር አብዛኛው ይሄዳል፤ የጎንደር ክረምት ደግሞ ብርድ ነው። ነባር ሠራተኛ ሲመለስ በመጀመሪያው ቀን የሥራውን ግማሽ፣ በ2ኛው 60 በመቶ፣ በ3ኛው 80 በመቶ ይሠራል፤ ሙሉውን የሚገባው በ4ኛው ቀን ነው። ትኬትህን ስትቆርጥ ሥራ ከመግባትህ ቢያንስ 3 ቀን ቀድመህ ድረስ።