ፋታውን አትመኑት፦ ለጀማሪ ሐኪሞች የተጻፈ ደብዳቤ

ይድረስ በዚህ ዓመት ነጭ ጋወን ለብሳችሁ በድንገተኛ ክፍል ተራ ለምትገቡ ወጣት ሐኪሞች፤

ሐዋሳ ላይ በቀዶ ሕክምና ሙያ ባሳለፍኳቸው ዓመታት የተማርኩትን ሁሉ ልጽፍላችሁ አልችልም፤ አብዛኛውም በመጻሕፍት ላይ ከእኔ በተሻለ ተጽፏል። የምጽፍላችሁ መጻሕፍቱ በአንድ መስመር ስለሚያልፉት፣ በአልጋው አጠገብ ግን የሰው ሕይወት ስለሚወስን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ጉዳት ከደረሰ በኋላ ሕመምተኛውንም፣ ቤተሰቡንም፣ ሐኪሙንም ለጥቂት ሰዓታት የሚያዘናጋው ፋታ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ከተማችንን ባጃጅና ሞተር ሳይክል ሳያጨናንቋት፣ ብስክሌትና ጋሪ በበዙባት ጊዜ፣ 18 ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ በብስክሌት ሲሄድ ከጋሪ ጋር ተጋጭቶ ወደቀና እኔ ተረኛ ወደነበርኩበት ሆስፒታል ታላቅ ወንድሙ ይዞት መጣ። ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፎ ነበር። ሲወድቅ ለአፍታ ራሱን ስቶ እንደነበር ወንድሙ ነገረኝ፤ ልጁ ግን ስሙን፣ ቀኑንና ያለበትን ቦታ በትክክል ይመልሳል፣ አልፎ ተርፎም ብስክሌቱን ማን እንዳነሳለት ይጠይቀኛል። ከቀኝ ጆሮው በላይ የነበረውን ቁስል ሰፋሁለት፤ የዓይኖቹን ብሌን በባትሪ አየሁ፤ እኩል ነበሩ። ኮሪደር ላይ ባለ አልጋ እንዲያድር አደረግኩና ወደ ሌሎች ሕሙማን ሄድኩ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በአጠገቡ ሳልፍ ያንኮራፋል። ወንድሙ የራሱን ጋቢ አልብሶት ከራስጌው ተቀምጧል። «እንዴት ነው?» ስለው «ደክሞት ነው ዶክተር፣ እንቅልፍ የወሰደው ገና አሁን ነው፤ ባንቀሰቅሰው ምን ይመስልሃል?» አለኝ። አልቀሰቀስኩትም። 11 ሰዓት ላይ ነርሷ ስትጠራኝ የቀኝ ዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ለብርሃን መልስ አይሰጥም ነበር። ሲቲ ስካን በከተማችን አልነበረም፤ የራስ ቅሉን በስቼ ደሙን ለማውጣት ደግሞ እኔ አልደፈርኩም። ወደ አዲስ አበባ ላክነው፤ ሻሸመኔን ሳያልፍ መንገድ ላይ አረፈ።

በዚያች ሌሊት በልጁ ጭንቅላት ውስጥ የሆነውን ዛሬ ማናችሁም ልታስረዱኝ ትችላላችሁ። ከጆሮ በላይ ያለው አጥንት ስስ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የአንጎልን ሽፋን የሚመግብ የደም ቅዳ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ቧንቧው ይቀደድና ደም በአጥንቱና በሽፋኑ መካከል ይጠራቀማል። የራስ ቅል ሞልቶ አፉ እንደተደፈነ ገንቦ ነው፤ አንጎል፣ ደምና የአንጎል ፈሳሽ ሞልተውታል፤ ለአራተኛ እንግዳ ቦታ የለውም። ይህን ሞንሮ የተባለው የስኮትላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1783፣ ኬሊ ደግሞ በ1824 ጽፈውታል። እንግዳው ሲመጣ መጀመሪያ ፈሳሹ ወደ አከርካሪ ቱቦ ይወርዳል፣ በደም መልሶች ውስጥ ያለው ደምም ተጨምቆ ይወጣል። ሕመምተኛው የሚያወራው፣ ስለ ብስክሌቱ የሚጠይቀው በዚህ ጊዜ ነው። የሚለቀቅ ቦታ ካለቀ በኋላ ግን የምትጨመር ጥቂት ደም ግፊቱን በአንድ ጊዜ ሽቅብ ትሰደዋለች። እኔ መዳን ያልኩት ፋታ ሰውነት ያለችውን መጠባበቂያ እየበላ የቆየበት ሰዓት ነበር። ማንኮራፋቱም እንቅልፍ አልነበረም፤ ምላሱንና ጉሮሮውን ደግፎ የሚይዘው አንጎል እየተሸነፈ የወጣ ድምፅ ነበር። በጭንቅላቱ የተመታ ሰው ሲያንኮራፋ ከሰማችሁ፣ ወንድሙ ቢቆጣችሁም ቀስቅሱት።

ከዚህ በታች ወደ ሕዋሳቱ ስንወርድ ነገሩ ይበልጥ ይረቅቃል፤ እኔም ብዙ ዘግይቼ የተማርኩት ክፍል ይህ ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ጎተራ ግን የለውም። የደም ፍሰቱ ሲቀንስ የነርቭ ሕዋሱ ሶዲየምን ወደ ውጭ የሚገፋበት ኃይል በደቂቃዎች ውስጥ ያልቅበታል፤ ሶዲየም ሲገባ ውኃ ይከተለዋል፣ ሕዋሱም ያብጣል። በዚያው ቅጽበት ግሉታሜት የተባለው መልእክተኛ ከልክ በላይ ይፈስና የጎረቤት ሕዋሳትን በር ከፍቶ ካልሲየም ያስገባባቸዋል፤ ካልሲየሙም ሕዋሱን ከውስጥ የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን ያነሳል። እንዲህ ነው አንድ የተጎዳ ሕዋስ ያልተጎዳውን ጎረቤቱን ይዞ የሚወርደው።

የአንጎል ሕዋስ ሲባል ግን የነርቭ ሕዋስ ብቻ አይምሰላችሁ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ በነርቮቹ መካከል ያለውን ሕብረ ሕዋስ ከግሪክ ቋንቋ ወስዶ ሙጫ ብሎ ሰየመው፤ ለብዙ ዘመንም እንደ ሙጫ ተናቀ። በእኔ የተማሪነት ዘመንም ፈተና ላይ ከአንድ ጥያቄ በላይ አይመጣበትም ነበር። ዛሬ የምናውቀው ከዚህ የራቀ ነው። ኮከብ የሚመስሉት አስትሮሳይቶች የፈሰሰውን ግሉታሜት ጠርገው ይሰበስባሉ፣ የውኃውንም መተላለፊያ ይጠብቃሉ፤ ጉዳቱ ሲከብድባቸው ግን ቀድመው ከሚያብጡት መካከል ናቸው። ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ እ.ኤ.አ. በ1919 ለይቶ የገለጻቸው ማይክሮግሊያዎች ደግሞ የአካባቢው ዘበኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 በሕይወት ባሉ አይጦች አንጎል ላይ በተደረገ ምርመራ፣ በሌዘር የተጎዳችን ጥቂት ቦታ በደቂቃዎች ውስጥ ክንዶቻቸውን ዘርግተው ሲከቧት ታይቷል። ከቀናት በኋላ አስትሮሳይቶቹ በቁስሉ ዙሪያ አጥር ይሠራሉ። ይህ አጥር የነርቭን ዳግም ማደግ የሚከለክል ጠላት ነው እየተባልን ኖርን፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በአይጦች አከርካሪ ላይ የተሠራ ጥናት አጥሩን ማስቀረት ነርቩን እንዳላሳደገው አሳየ። መከላከያው የት ላይ ጥፋት እንደሚሆን ገና ክርክር ነው፤ እናንተ ስትሸመግሉ መልሱን ለልጆቻችሁ ትነግሩ ይሆናል።

ለዛሬ ሌሊት ተራችሁ ግን ከዚህ ሁሉ የምትወስዱት ተግባራዊ ነገር አለ። በምቱ ቅጽበት የሞቱትን ሕዋሳት ማንም አይመልሳቸውም፤ በቁስሉ ዙሪያ ግን ተጎድተው ያልሞቱ፣ በሚቀጥሉት ሰዓታትና ቀናት ወይ የሚተርፉ ወይ የሚሞቱ ብዙዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ የታወቀ ጥናት፣ ከባድ የጭንቅላት ጉዳት ካለባቸው ሕሙማን መካከል የደም ግፊታቸው ላይኛው ቁጥር ከ90 በታች የወረደባቸው ሰዎች የመሞት ዕድል ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። ስለዚህ ኦክስጅኑና የደም ግፊቱ የነርስ ሥራ ነው ብላችሁ አትለፉት። ደም ሥሩ ላይ የምትሰቅሉት ፈሳሽ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውኃው) ይሁን፤ የስኳር ውኃው 5 በመቶ ዴክስትሮስ ስኳሩ ሲቃጠል ተራ ውኃ ሆኖ ያበጠውን አንጎል ይበልጥ ያሳብጠዋል። ስቴሮይድም አትስጡ። ይህን የምለው አፍሬ ነው፤ እብጠት ይቀንሳል እየተባለ እኔ ራሴ ለዓመታት በጭንቅላት ለተመቱ ሰዎች ዴክሳሜታዞን የተባለውን ስቴሮይድ አዝዣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከ10,000 በላይ ሰዎች የተካተቱበት ክራሽ የተባለው ጥናት ውጤት ሲወጣ፣ ስቴሮይድ ከተሰጣቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ 21 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ 18 በመቶ ያህሉ እንደሞቱ ተነገረን። ባህር ማዶ ሆነው የቆጠሩልን ባይኖሩ ኖሮ እኔ በእጄ ከሞቱት መካከል የትኛው በመድኃኒቴ እንደሞተ በምን አውቅ ነበር?

ወደ ሆድ ልመለስ፤ ሥራዬ በይበልጥ እዚያ ነውና።

ሆድ ውስጥም ዘበኛ አለ፤ ሞራ ነው። ድሮ የታረደውን በግ ሞራ ዘርግተው የሚመጣውን ዘመን እናነባለን የሚሉ ሞራ ገላጮች ነበሩ። እኔ ስለ ዘመን አላውቅም፤ ሆድ ከፍቼ ሞራው ወዴት እንደሄደ ሳይ ግን ሕመሙ የት እንዳለ ብዙ ጊዜ አነብበታለሁ። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ሞራ ተጠግቶ ይለጠፍበታል፣ ሲፈነዳም አቅፎ መግሉ እንዳይሠራጭ ይይዘዋል። ልክ እንደ አንጎሉ ዘበኞች ይህም ውለታ ከነመዘዙ ነው፤ ሕመሙን ይሸፍነዋል።

ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት አንዲት ልጅ ከገጠር መጣች። ሕመሟ በእምብርቷ ዙሪያ ጀምሮ በማግሥቱ ወደ ታችኛው የግራ ሆዷ ወረደ። በግራ በኩል ስለሆነ ኩላሊት ነው፣ የማህፀን ዕንቁላል ነው እየተባለ ሦስት ቀን አለፈ። በእኛ ዘንድ ባደረችበት ሌሊት ሕመሙ ቀለል አላትና ሻይ ጠየቀች፤ እናቷም እግዚአብሔርን አመሰገነች። ጠዋት ራውንድ ላይ ተረኛዋ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪሟ) ካርዱን ስታነብ «የልብ ድምፅ በቀኝ በኩል ይበልጥ ይሰማል» አለች። ሬዚደንቱ ፈገግ አለ፤ እኔም ስቴቶስኮፑን አዙራ የያዘች መስሎኝ ልተወው ነበር። እሷ ግን ፊቷ ቀልቶ ቆመች፤ የጻፈችውን አላነሳችም። ከኪሴ ስቴቶስኮፔን አውጥቼ በታማሚዋ ግራ ጡት ሥር ሳደርግ ድምፁ ከሩቅ የመጣ ያህል ነው፤ ወደ ቀኝ ሳሻግረው ጆሮዬ ሥር መታ። የልብ ምቷ 124 ነበር። አልትራሳውንድ ሲደረግ ጉበቷ በግራ፣ ጣፊያዋ በቀኝ ሆኖ ተገኘ። የውስጥ አካል እንዲህ ተገልብጦ መፈጠር በ10,000 ሰው አንድ ያህል የሚታይ ነገር ነው። ሆዷን ስከፍት ሞራው ወደ ግራ ተሰብስቦ ነበር፤ ስገልጠው የፈነዳው ትርፍ አንጀት ከነመግሉ ከሥሩ ወጣ።

ሌሊት ሕመሙ የቀለለላት ስለዳነች አልነበረም። ተወጥሮ የነበረው ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ውጥረቱ ይረግባል፤ የሆድ ዕቃው ሽፋን በሰፊው እስኪቆጣ ድረስም አጭር ዕረፍት ይገኛል። አንጀት ተጠማዝዞ ደም ሲያጣም እንዲሁ ነው፤ የሞተ አንጀት አያምም። በዚያ ሰዓት የማይዘናጋው የልብ ምት ነው። እዚህ ላይ ጭንቅላትና ሆድ ይለያያሉና አታምታቱ፦ በሆዱ የታመመ ሰው ሕመሙ ቀለለኝ እያለ ምቱ ከፈጠነ ፍሩ፤ በጭንቅላቱ የተመታው ሰው ደግሞ የደም ግፊቱ እየጨመረ ምቱ ከዘገየ ብዙ ጊዜ አልቀራችሁም።

ብርቅ ስለሚባሉ ሕመሞች አንድ ቃል ልጨምር። ቀዶ ሐኪሙ ክላውዲየስ አሚያንድ እ.ኤ.አ. በ1735 ለንደን ውስጥ የአንድ የ11 ዓመት ልጅ የብሽሽት ቡአ ሲከፍት የዋጠው መርፌ የበሳውን ትርፍ አንጀት በውስጡ አገኘ፤ ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን ቆርጦ አወጣው፤ ልጁም ተረፈ። አሚያንድ ያንን እፈልጋለሁ ብሎ አልገባም፤ ያገኘውን ግን አየው። ደግሞም መጽሐፍ ብርቅ ሲል መጽሐፉ በተጻፈበት አገር ብርቅ ማለቱ ነው። የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል መጠማዘዝ ለእኛ የዘወትር እንግዳ ነው፤ ትንሹ አንጀት በዚያው ላይ ተቋጥሮ ሁለቱም አብረው የሚሞቱበት፣ ሌላ ዘንድ በዕድሜ ልክ አንዴ የማይታይ ቋጠሮ እንኳ በምሥራቅ አፍሪካ ቀዶ ሐኪም እጅ የሚገባ ነው። ያ ቋጠሮ ፋታ አይሰጥም፤ ማታ ራቱን በልቶ የተኛ ጤነኛ ጎልማሳ ንጋት ላይ ግፊቱ ወርዶ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ካርዱ። እ.ኤ.አ. በ1974 ከግላስጎው የወጣው የኮማ መለኪያ ከ3 እስከ 15 የሚቆጠር ነው፣ 15 ሙሉ ንቃት ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ የተጻፈ 15 ግን ብዙም አይነግራችሁም። 15፣ ከዚያ 14፣ ከዚያ 13 ብሎ የሚወርደው ነው የሚናገረው፤ ለዚያ ደግሞ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሰዓት ያስፈልጋል። የብሌኑን ስፋት በሚሊ ሜትር፣ የልብ ምቱን፣ ሆዱን ስትነኩ የት እንደጠነከረ፣ ሁሉንም ከነሰዓቱ ጻፉ። ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ለይታችሁ አመልክቱ። አንድ ጊዜ የራስ ምታቱ ባሰበት የተባለን ሕመምተኛ ካርድ ተረክቤ «8 ሰዓት ላይ ታየ፣ 15» የሚል አነበብኩ። ጊዜው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበርና ከአንድ ሰዓት በፊት በፈረንጅ 8 ሰዓት ላይ የታየ መስሎኝ ቀድሜ ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ጻፊው ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለቱ ነበር።