የሰመሩን ሥራ እሺ ከማለትሽ በፊት

ውድ እህቴ፣

ሚኒሶታ በሚገኝ አነስተኛ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ እንደሆንሽ፣ አንድ መምህርሽ በሰመር ዕረፍት የቆዩ የእጅ ጽሑፎችን በሚመለከት የዲጂታል ሂዩማኒቲስ (ታሪክንና ሥነ ጽሑፍን በኮምፒውተር እየታገዙ የማጥናት) ሥራ እንድትሳተፊ እንደጋበዙሽ፣ ወላጆችሽ ግን ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ እንድትዛወሪ እንደሚፈልጉ ጽፈሽልኛል። የእኔ ሐሳብ ሥራውን ተቀበዪው የሚል ነው፤ ሆኖም አስቀድመሽ በሥራው ውስጥ አንቺ ራስሽ የምትወስኚው ነገር ምን እንደሆነ መምህርሽን በግልጽ ጠይቂ።

በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለው ኃላፊነት በአብዛኛው የሚሰጠው ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሲሆን፣ እነርሱ በሌሉበት ኮሌጅ ግን ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪም ይደርሰዋል። ለምሳሌ በማሳቹሴትስ የሆሊ ክሮስ ኮሌጅ ተማሪዎች፣ ሆሜር መልቲቴክስት በተባለው ፕሮጀክት፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈውንና ቬኒስ የሚገኘውን የኢልያድ (የጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ የሆሜር ግጥም) ቅጂ በኅዳጉ ካለው ማብራሪያ ጋር ከፎቶግራፍ እያነበቡ በኤክስኤምኤል (ኮምፒውተር የጽሑፉን ክፍሎች እንዲለይ ምልክት በሚደረግበት አጻጻፍ) ሲያዘጋጁ ቆይተዋል። የደበዘዘን ፊደል አንብቦ መመዝገብ ወይም “አይነበብም” ብሎ መተው ዳኝነት ይጠይቃል፤ ቀጣሪ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ስካነር ላይ ገጽ ሲያገላብጡ መዋል ግን፣ ስሙ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ብዙም አይለይም።

በደብዳቤሽ መጨረሻ እንደ ዋዛ ያነሣሽው ነገር፣ ማለትም በሰንበት ትምህርት ቤት ፊደልና ጥቂት ግእዝ መማርሽ፣ ከምታስቢው በላይ ዋጋ አለው። እዚያው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ውስጥ በሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤት፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ቅጂዎች አሉት፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ካታሎግ ሲያዘጋጁለት የኖሩትም ይኸው ተቋም ነው። ኤክስኤምኤል የሚችል ሰው ብዙ ነው። አንድ ስም በአንዱ መጽሐፍ “ኃይለ”፣ በሌላው “ሐይለ” ተብሎ ሲጻፍ የኮምፒውተሩ ፍለጋ ለምን አንዱን ብቻ እንደሚያመጣ የሚረዳና መፍትሔ የሚያበጅለት ግን ጥቂት ነው።

የወላጆችሽ ሥጋት መሠረት የለውም አልልሽም። በዚህ ሙያ ስም የሚወጣ ክፍት የሥራ ቦታ ጥቂት ነው፤ ያለውም በአመዛኙ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሆን ማስተርስ ይጠይቃል። ስለዚህ ታሪክን ሳትተዪ አንድ የፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ)፣ አንድ የዳታቤዝ ኮርስ ጨምሪ፤ እነዚህ ለቤተ መዛግብትም፣ ለሙዚየምም፣ ለሶፍትዌር ድርጅትም በር ይከፍታሉ። ከወላጆችሽ ጋር ከመከራከርም የሠራሽውን ገጽ ከፍተሽ ማሳየት ይሻላል፤ ለዚህ ደግሞ ስምሽና የሥራ ድርሻሽ በፕሮጀክቱ ላይ እንደሚሰፍር ከወዲሁ አረጋግጪ። ክፍያው ስንት እንደሆነም አብረሽ ጠይቂ፤ ነውር የለውም።