ልጅ ይዞ ጀርመን ለሚሄድ የሰሜን ሸዋ ወላጅ፦ ጥያቄና መልስ

ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት ልጃቸውን ይዘው ለጥቂት ዓመታት ጀርመን ከሚሄዱ ወላጆች የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። ቪዛን አልነካሁም፤ መስፈርቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ኤምባሲውን ራሱን መጠየቅ ይሻላል።

ጥያቄ (እናት፣ ደብረ ብርሃን)፦ የስድስት ዓመት ሴት ልጄን ይዤ ልሄድ ነው። ከሀገር ሳልወጣ የግድ ማስተካከል ያለብኝ ወረቀት የትኛው ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የክትባት ካርዷን አውጪና ቀኖቹን ተመልከቺ። ጤና ጣቢያ ካርዱን የሚሞላው ባብዛኛው በእኛ አቆጣጠር ነው። ልደቷ ካርዱ ላይ 12/8/2011 ከሆነ ፓስፖርቷ ላይ 20/4/2019 ይላል። እዚያ ያለው ሐኪም ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ልጅቷ ሳትወለድ የተከተበች ይመስለዋል፤ ካርዱን ትቶ ክትባቱን እንደ አዲስ ሊጀምረው ይችላል። ስለዚህ ጤና ጣቢያው እያንዳንዱን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በእንግሊዝኛ ጽፎ ማኅተም እንዲያደርግበት ጠይቂ። ቀኑን ስትቀይሩ ጳጉሜ 6 የሆነችበትን ዓመት ተጠንቀቁ፦ በቀጣዩ ዓመት ከመስከረም እስከ የካቲት ድረስ አንድ ቀን ይገፋል። መስከረም 1 ቀን 2012 ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ነው።

ከክትባቶቹ ሁሉ ኩፍኝን ለይተሽ እዪ። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2020 ጀምሮ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ መዋዕለ ሕፃናትም ሆነ ትምህርት ቤት ሲገባ ሁለት የኩፍኝ ክትባት መውሰዱን ማሳየት አለበት። እኛ ጋ የመጀመሪያው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ነው የሚሰጠው፤ ሁለተኛው በመደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው ግን በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ ከፍ ያሉ ልጆች አንዱን ብቻ ወስደው ሊሆን ይችላል። ማስረጃ ከሌለ መዋዕለ ሕፃናት አይቀበልም። ትምህርት ቤት ግን ትምህርት ግዴታ ስለሆነ ይቀበልና ለጤና ቢሮ ያስታውቃል።

ጥያቄ (አባት፣ ሸዋ ሮቢት)፦ ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ትሄዳለች፣ እኔ እዚሁ ነኝ። የእኔ ፈቃድ ያስፈልጋል?

መልስ፦ አዎ። ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርበህ ልጁ ከእናቱ ጋር እንዲጓዝና እንዲኖር መስማማትህን የሚገልጽ ወረቀት ፈርም፣ አስተርጉመው። በወረቀቱ ላይ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ሕክምና እሷ ብቻዋን መወሰን እንደምትችል ይጠቀስ፤ ይህ ከቀረ እዚያ ለእያንዳንዱ ነገር ያንተን ፊርማ ይጠይቋታል። ሌላው የስም ነገር ነው። ልጁ ያንተን ስም፣ እሷ የአባቷን ስም ይዛ ስትሄድ በእነሱ ዓይን የተለያየ ቤተሰብ ናቸው። የልደት ምስክር ወረቀቱ ከነትርጉሙ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሁን።

ጥያቄ፦ እንደ ደረስን መጀመሪያ ምን እናድርግ?

መልስ፦ የአድራሻ ምዝገባ፣ እዚያ ያሉት ሐበሾች «አንሜልዱንግ» የሚሉት። ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ልጁንም ጨምሮ። የኪራይ ውል አይበቃም፤ አከራዩ መግባታችሁን የሚያረጋግጥ ሌላ ቅጽ ፈርሞ መስጠት አለበት። የባንክ ሒሳብ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የትምህርት ቤት ምዝገባ ሁሉ ይህን ወረቀት ይጠይቃሉ። የዚያኑ ዕለት ስማችሁን ፖስታ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ። ስም ከሌለ ፖስተኛው ደብዳቤውን ይመልሰዋል፣ እዚያ ሀገር ደግሞ ነገሩ ሁሉ በደብዳቤ ነው።

ጥያቄ (የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ደብረ ብርሃን)፦ ዕድሜዬ 34 ነው። የልጄ የጤና መድን እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ብዙ መምህራን የሚደናቀፉበት ቦታ ይህ ነው። የመንግሥት መድን በተማሪ ዋጋ የሚወስደው 30 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ብቻ ነው። ዶክትሬትህ በሥራ ውል ከሆነ እንደ ተቀጣሪ በመንግሥት መድን ትገባለህ፣ ልጅህም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጠቃለላል። በስኮላርሺፕ ብቻ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግል መድን ትገፋለህ፤ እዚያ ልጁ ራሱን የቻለ ክፍያ አለው። የግል ከሆነ ውሉ የቆየ ሕመምን፣ ክትባትንና ጥርስን ይሸፍን እንደሆነ ሳታነብ አትፈርም። ርካሹ የተጓዥ መድን እነዚህን ባብዛኛው አይሸፍንም።

ሌሊት ልጁ ቢያተኩሰው ለሕይወት የማያሰጋ ከሆነ 116117፣ የሚያሰጋ ከሆነ 112 ነው የሚደወለው።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤቱ ምን ይመስላል? በበዓል ማስቀረትስ ይቻላል?

መልስ፦ ልጅን ቤት አስቀምጦ ማስተማር በሕግ አይፈቀድም። አንደኛ ደረጃ በአብዛኛው ክልል እስከ 4ኛ ክፍል፣ በርሊንና ብራንደንቡርግ እስከ 6ኛ ነው። ጠዋት በእኛ 2 ሰዓት ገደማ ይጀምራል። ልጁ ሲታመም ክፍል ከመጀመሩ በፊት አሳውቁ፣ አለዚያ ራሳቸው ይደውላሉ። ታኅሣሥ 29 የእነሱ ጃንዋሪ 7 ስለሆነ የገና ዕረፍታቸው አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ለገናና ለጥምቀት ቀደም ብላችሁ የሃይማኖት በዓል መሆኑን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ። በረከሰ ትኬት ለመሄድ ብሎ ከዕረፍት በፊት ልጁን ማስቀረት ግን ያስቀጣል። ልጁ የሚጾም ከሆነ «ቬጋን» በሉ፤ ወተትና እንቁላል እንደሌለበት ወዲያው ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ሳይጠየቅ ልጨምር። ልጅን መምታት፣ በጥፊም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። መምህሯ ምልክት ካየች ጉዳዩ የልጆችን ደኅንነት ወደሚከታተለው የወጣቶች ጽሕፈት ቤት ሊሄድ ይችላል። ይህን ለልጃችሁ አያቶችም ሆነ ሊጠይቃችሁ ለሚመጣ ዘመድ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ጥያቄ (እናት፣ አንኮበር)፦ ስንቅ ምን ልያዝ? እንጀራስ መጋገር ይቻላል?

መልስ፦ በሶ፣ ሽሮና በርበሬ ያዢ። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ተዪ፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በመንገደኛ እጅ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ይወረሳል። ጭኮም ቅቤ ስላለበት እዚያው ይቅር፣ በሶውን ብቻ ወስደሽ እዚያ በዘይት ለውሺው።

እንጀራ ይቻላል፣ ግን ሁለት ነገር ይታሰብበት። ቤቱ 18 ወይም 19 ዲግሪ ከሆነ ሊጡ ቶሎ አይቦካም፤ ማሞቂያው አጠገብ (ላዩ ላይ ሳይሆን) አስቀምጪው፣ አንድ ሁለት ቀን ጨምሪለት። ሁለተኛው እንፋሎቱ ነው። መስኮት ተዘግቶ ከተጋገረ ግድግዳው ጥግ ጥጉን ጥቁር ሻጋታ ያወጣል፣ አከራዩም በመያዣ ከያዘው ገንዘብ ይቆርጣል። እንደጨረሽ መስኮቱን ከፈት ሳይሆን ወለል አድርጊና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አናፍሺው፤ ሳትጋግሪም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። መኝታ ቤት ጣሪያ ላይ ያለችው ክብ ነጭ ነገር የጭስ ማንቂያ ናት። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ የመኝታ ቤቱ በር ይዘጋ፣ ማንቂያዋ ግን በፍጹም አትነቀል።

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃንን ብርድ የለመደ ልጅ ይቸገራል?

መልስ፦ በብርዱ ብዙም አይደለም፣ በጨለማው ነው። ደብረ ብርሃን ጠዋት ቢቆረጥምም ረፋድ ላይ ፀሐይ አለ፤ እዚያ ዲሴምበር ላይ ብርሃን ያለው 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለ ቫይታሚን ዲ የሕፃናት ሐኪሙን ጠይቁ። ልጆችን በዝናብም ውጭ ያጫውቷቸዋል፦ የዝናብ ሱሪ፣ ቦቲ፣ የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማና ቅያሪ ልብስ፣ ሁሉም ስም ተጽፎበት። ያገለገለው በርካሽ ስለሚገኝ ከዚህ አትሸከሙ።

ጥያቄ (አያት፣ መሐል ሜዳ)፦ የልጅ ልጄን በስንት ሰዓት ልደውልለት?

መልስ፦ እናቴ፣ ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ እነሱ ከእርስዎ በሁለት ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ይደውሉለት፤ ከትምህርት ቤት ገብቷል፣ አልተኛም። በአማርኛ ብቻ ያናግሩት፣ በጀርመንኛ ቢመልስም አይተዉት።

ጥያቄ፦ ስንመለስ ልጁ ክፍል እንዳይደግም ምን እንያዝ?

መልስ፦ ዝግጅቱ የሚጀመረው በሄዳችሁበት ሳምንት ነው። ፊደሉን፣ 33ቱን ከነሰባት ቤታቸው፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አስቆጥሩት፤ ሲመለስ የሚከብደው ሒሳቡ ሳይሆን አማርኛ ማንበቡ ነው። በጃንዋሪ መጨረሻና በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጠውን የውጤት ወረቀት ኦርጅናሉን ያዙ፣ ከሀገር ሳትወጡ አስተርጉሙት። አድራሻችሁን ከመውጣታችሁ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ጀምሮ ማሰረዝ ይቻላል። ማሰረዣውን በብዙ ኮፒ ያዙ፤ መድኑም፣ ስልኩም፣ በየቤቱ በወር 18.36 ዩሮ የሚከፈለው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያም የሚቋረጠው በእሱ ነው።