አዲስ ጥንቸሎችን ከነባሮቹ ጋር መቀላቀል፦ ጥያቄና መልስ

ጥንቸሎችን በአንድ ግቢ በጋራ የምታረቡ ሰዎች የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ትናንት ሁለት ሴት ጥንቸሎች ገዛሁ። ጤነኛ ይመስላሉ፤ ዛሬውኑ ልቀላቅላቸው?

መልስ፦ አይሆንም፣ እህቴ። ጥንቸል በሽታዋን ደብቃ የምትቆይ እንስሳ ናት። ለ30 ቀን ያህል ከነባሮቹ ራቅ አድርገሽ አቆያቸው። መኖና ውሃ መጀመሪያ ለነባሮቹ፣ በመጨረሻ ለአዲሶቹ ስጪ፤ እጅሽን ታጠቢ፤ ዕቃ አታዋውሺ። የፊት እግራቸውን ውስጠኛ ጎን እያገላበጥሽ እዪ። ጥንቸል አፍንጫዋን የምትጠርገው በእግሯ ነው፤ እዚያ ያለው ጸጉር ተጣብቆ ከደረቀ አፍንጫዋ ንጹሕ ቢመስልም ንፍጥ አለባት። ይህ ፓስቱሬላ የተባለው፣ መተንፈሻ አካልን የሚያጠቃ ባክቴሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ጆሮ ውስጥ ወፍራም ቡናማ ቅርፊት ካየሽ የጆሮ እከክን ጠርጥሪ። ተቅማጥ ከያዛቸው ለኮክሲዲያ (አንጀትን ለሚያጠቃ ጥገኛ ተሕዋስ) ይመርመሩ።

ጥያቄ፦ እኔ ለይቼ አቆይቻት ነበር፤ ሳስገባት ግን ተረባረቡባት። ምን ጎደለ?

መልስ፦ በሽታውን ተከላክለሃል፣ ወንድሜ፤ የቀረው የቦታው ጉዳይ ነው። ጥንቸል በአገጯ ስር ባለው ዕጢ ያገኘችውን ሁሉ እያሻሸች ሽታዋን ትተዋለች። ነባሮቹ ግቢውን በሙሉ የራሳቸው አድርገውታል፤ አንዲት እንግዳ መሃላቸው ስትገባ ያባርሯታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሽታ ይተዋወቅ። ጎን ለጎን አስቀምጣቸው፤ በመካከላቸው ግን እርስ በርስ የተራራቁ ሁለት የሽቦ አጥሮች ይቁሙ፤ በአንድ ሽቦ ብቻ አፍንጫ ይነከሳል። በየጊዜው ጉዝጓዛቸውን አቀያይር። ተረጋግተው ጎን ለጎን መብላትና መተኛት ሲጀምሩ ሁሉንም ማንም ወዳልኖረበት ቦታ አውጥተህ አገናኛቸው። ሌላ ቦታ ከሌለህ ግቢውን አጥበህ የዕቃውን አቀማመጥ ለውጥ። መደበቂያው ሁለት መውጫ ይኑረው፤ አንድ በር ብቻ ያለው ሳጥን ተባራሪዋን ወጥመድ ውስጥ ይከታታል። መኖና ውሃም በብዙ ቦታ ይቀመጥ። ከተቻለ አንዲት ብቻ ሳይሆን የሚተዋወቁ ሁለት አስገባ።

ጥያቄ፦ መቼ ነው ጣልቃ የምገባው?

መልስ፦ ማሳደድ፣ መጫንና ጥቂት ጸጉር መንጨት የተለመደ ነው፤ ተያቸው። ጆሮ ወደ ኋላ ተለጥፎ ጭራ ከቆመ ተዘጋጂ። ተያይዘው መሽከርከር ከጀመሩ ወዲያው ለያቸው፤ በባዶ እጅሽ ግን አትግቢ፣ ሰሌዳ ወይም መጥረጊያ በመካከላቸው አስገቢ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ወንድ ብጨምርስ?

መልስ፦ ያልተኮላሸ ከሆነ አልመክርም። ለአካለ መጠን የደረሱ ወንዶች የሚናከሱት ብልትን ጭምር ነው። የተኮላሸም ቢሆን ከተኮላሸ በኋላ እስከ 6 ሳምንት ሊያስረግዝ ስለሚችል ከሴቶቹ ለይተህ አቆየው።

ጥያቄ፦ እርጉዝ ሴት አለችኝ፤ አዲሶቹን አሁን ላስገባ?

መልስ፦ ቆይ። እርግዝናዋ 31 ቀን ያህል ነው፤ ጎጆ የምትሠራ እናት ቦታዋን አጥብቃ ትከላከላለች። ወልዳ ልጆቿ ጡት እስኪጥሉ ጠብቅ። በእኔ እምነት ትዕግሥት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ጠቡ የሚጨርሰው ጎጆ ውስጥ ያሉትን ልጆች ነውና።

ጥያቄ፦ ከተቀላቀሉ በኋላ በየቀኑ ምን ልይ?

መልስ፦ አዲሷ መብላቷን። ተባርራ ጥግ የያዘች ጥንቸል መኖ ሞልቶላት ትራባለች፤ ለ12 ሰዓት ምንም ካልበላች ሐኪም ያስፈልጋታል። ጀርባዋንና ጭኗን ጸጉሩን እየከፈልሽ ዳብሺ፤ ትንሽ የንክሻ ቀዳዳ ከቀናት በኋላ መግል የቋጠረ እብጠት ይሆናል።