«ዋጋህን ታገኛለህ»፦ ምርቃት ነው ወይስ ዛቻ?

ጥያቄ፦ ለውጭ ፊልሞች ከሥር የሚነበበውን የአማርኛ ጽሑፍ እሠራለሁ። በቅርቡ በአንድ የካውቦይ ፊልም ውስጥ የሚፈለግ ሽፍታ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከሥሩ «ሪዋርድ፦ 500 ዶላር» ይላል። እኔም «ሽልማት 500 ዶላር» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ አይቶ «ሽፍታው ነው እንዴ የሚሸለመው?» ብሎ ሳቀብኝ። ምን ማለት ነበረብኝ? ለዚህ ቃል በሁሉም ቦታ የሚያገለግል አንድ አማርኛ የለም?

መልስ፦ ጓደኛዎ ቢስቅም አልተሳሳተም። አንድ ቃል ደግሞ የለም፤ ብዙ ናቸው። የእንግሊዝኛው ቃል ማን እንደሰጠ፣ በአደባባይ ይሁን በጓዳ፣ ለደግ ሥራ ይሁን ለክፉ አይጠይቅም። አማርኛ ይህን ሁሉ ይጠይቃል።

ከሽልማት እንጀምር። «ሸለመ» መነሻው ማስጌጥ ነው። ድሮ ንጉሥ ጀግናውን ሲሸልም የሚሰጠው የሚለበስና የሚታጠቅ ነገር ነበር፤ ካባ፣ ለምድ፣ ጎራዴ፣ ጋሻ። ተሸላሚው ለብሶት ሲወጣ አገር ያየዋል። ዛሬም ቢሆን ሜዳሊያው አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ ኒሻኑ ደረት ላይ ይሰካል። አዝማሪ ቤት ገብተን ብሩን ግንባር ላይ ስንለጥፍ «ሸለምነው» እንላለን። ያንኑ ብር በር ላይ በእጁ ብናስጨብጠው «ሰጠነው» ነው እንጂ «ሸለምነው» አንልም። ገንዘቡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው ነው። ሽልማት ሰው እያየ የሚሰጥ ክብር ነው። በንጉሡ ዘመን ለደራሲዎችና ለሠዓሊዎች ሽልማት ይሰጥ የነበረው ተቋም ስሙ «የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት» ነበር። «የወሮታ ድርጅት» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ሰው ሁሉ የዕዳ መክፈያ ቢሮ ይመስለው ነበር።

ሽፍታውን ጠቁሞ 500 ዶላር የሚቀበለው ሰውዬ ግን ማንም እንዲያየው አይፈልግም። ጭብጨባም የለም። ለእሱ የሚስማማው ወሮታ ነው። የጠፋ ዕቃ ማስታወቂያ ላይ «ላገኘልኝ ወሮታውን እከፍላለሁ» የሚለውን ስንት ጊዜ አንብበናል! ኮንትሮባንድ ለጠቆመም የሚከፈለው ወሮታ ነው። አንዱ ሠራ፣ ሌላው ከፈለ፤ ሒሳቡ ተዘጋ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሳ። ውለታንና ወሮታን የሚያደባልቁ ብዙ ናቸው። ውለታ የተዋለልን ደግነት ነው፤ ወሮታ እኛ የምንመልሰው ነው። «ትልቅ ወሮታ ዋለልኝ» ያለ ሰው ፈረሱን ከጋሪው ኋላ አስሮታል። «ውለታ ቢስ» የሚል ስድብ አለን፤ «ወሮታ ቢስ» ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደምወደው ወደ ዋጋ ልምጣ። በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ዋጋ በጎ ቃል ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ «ዋጋችሁ በሰማያት ታላቅ ነውና» ይላል። በግእዙ ይኸው ቦታ «ዐስብክሙ» ነው፤ ዐስብ ማለት የሠራተኛ ክፍያ ማለት ነው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ አባት «ልጄ፣ ዋጋህን ታገኛለህ» ቢሉዎት አሜን ይላሉ። ከቅጥር ግቢው ወጥተው ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ያንኑ ቃል በቃል ቢልዎትስ? ወራጅ አለ ብለው መውረድ ነው። «ዋጋውን ሰጠው» ማለት ልክ አስገባው ማለት ነውና። «የእጁን አገኘ» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ የእጅ ሥራ ደግም ክፉም ይሆናል፣ እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንለው አንድ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ራሱ ሲገባበት ነው።

ይህ ነገር የዋጋ ብቻ አመል አይደለም። ብድርን ይዩት። አንድ ሰው ሲረዳን «ብድርህን ለመመለስ ያብቃኝ» እንላለን፤ ከልብ የመጣ ምስጋና ነው። «ብድሩን መለሰበት» ሲባል ግን ቂም አለ፣ ዱላ አለ። ልዩነቱን ያመጡት «ለ» እና «በ» ናቸው፤ መለሰለትና መለሰበት። «ብድር በምድር» የሚለውን ተረትም ሰው ለደግ ሲጠቀምበት እምብዛም አልሰማም።

ከሁሉም የከፋ ዕጣ የደረሰው ግን ፍዳ ነው። በግእዝ «ፈደየ» ማለት ከፈለ፣ መለሰ ማለት ነው። ፍዳም ብድራት ነበር፤ ለደጉም ለክፉውም። በአማርኛ በጎ ጎኑ ጠፍቶ «ፍዳውን አየ» ብቻ ቀረ። ዛሬ ለአንድ አትሌት «ፍዳህን ተቀበል» ብንለው ዋንጫ ልንሰጠው መሆኑን በምን ያውቃል? ዕሴት ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። በግእዝ ብድራት፣ የድካም ዋጋ ማለት ነበር። ዛሬ «የባህል እሴት» እንላለን፤ ደረሰኝ ላይም «የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ» ተብሎ ይታተማል። ከፋዮቹ እኛ ነን፤ የሚሸለመው ማን እንደሆነ እንጃ።

የሙስሊም ወገኖቻችንን አማርኛ የሚያውቅ ሰው ምንዳን አይረሳም። በቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ውስጥ አላህ ለደግ ሠሪዎች የሚሰጠው ምንዳ ነው፤ በዕለት ንግግር አጅርም ይባላል። ምንዳ ራሱ ከቅጥር ሠራተኛ ክፍያ ጋር የተያያዘ ቃል ነው፤ በደመወዝ ያደረ ሰው ምንደኛ ይባል ነበር። ያው እንደ ዐስብ መሆኑ ነው። ሰው የሰማዩንም ክፍያ የሚያስበው በሚያውቀው የቀን ሥራ ሒሳብ ነው መሰለኝ። የፊልሙ ገጸ ባሕርይ ሙስሊም ከሆነና ስለ ወዲያኛው ዓለም ከተናገረ ምንዳን ይጠቀሙ፤ ዋጋ ወይም ሽልማት ጆሮ ይቆረቁራል።

ለአስተናጋጅ የሚተወው ጉርሻ ነው፣ ወይም ሁላችንም እንደምንለው ቲፕ። ለልጅ «ካጠናህ ኬክ አለ» ከተባለ ኬኩ ማበረታቻ ነው፤ ከፈተናው በኋላ ሰው ፊት ከተሰጠው ሽልማት ሆነ። ባለሥልጣኑ ሥራውን ሳይጀምር የሚጠብቀውን ደግሞ ስሙን ያውቁታል፣ አልጽፈውም።

ወደ ፊልምዎ ስመለስ፣ እኔ ብሆን «ሞቶም ይሁን በሕይወት ይዞ ላመጣ፦ 500 ዶላር ወሮታ» ብዬ እጽፍ ነበር። ቦታ ከጠበበ «ወሮታ፦ 500 ዶላር» ይበቃል። መጨረሻ ላይ የከተማው ሰው ተሰብስቦ ጀግናው ደረት ላይ ኮከብ ከተሰካ ያኔ ሽልማት ይበሉ። ሽፍታው ከዳተኛ ጓደኛውን «ይኸው ሪዋርድህ» ብሎ ከተኮሰበት ደግሞ «ይኸውልህ ዋጋህ!» ነው።

አጻጻፉን በተመለከተ ወሮታም ወረታም ተብሎ ይጻፋል። እኔ ወሮታን እመርጣለሁ። ወረታ ካሉ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ የምትገኝ ከተማ አለች፤ «ወረታ 500» ተብሎ ሲነበብ ተመልካቹ የአውቶቡስ ታሪፍ እንዳይመስለው።