የሐበሻ ጥድ በቶርኖ ላይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ነፋስ ከጣለው የግቢያችን ጥድ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎድጓዳ ሳህን በቶርኖ (እንጨትን እያሽከረከረ ለመቅረጽ በሚያገለግል ማሽን) አወጣሁ። እንጨቱ ከዓመት በላይ ጥላ ውስጥ ቆይቷል። ቆርጬ ስጨርስ ንጹሕ ነበር፤ በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልሰው ግን ሆዱ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ወጡ። አልደረቀም ማለት ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ቆርጠው ሲጨርሱ ንጹሕ ከነበረ፣ የሰነጠቀው ሙቀት ሳይሆን አይቀርም። ወረቀቱ ሲፋተግ የላይኛው ገጽ በድንገት ግሎና ደርቆ ይኮማተራል፤ ከሥሩ ያለው ግን ባለበት ይቆያል። ጥድ ደግሞ ተሰባሪ ስለሆነ መሳሳቡን አይችልም። ስንጥቆቹን ልብ ብለው ቢያዩ፣ አብዛኞቹ የእንጨቱ ጭረት (የቃጫው መስመር) ተቆርጦ ጫፉ በሚታይባቸው ሁለት ተቃራኒ ጎኖች ላይ ናቸው።

የጥድ ቅባትም ነገሩን ያባብሳል። ቅባቱና ብናኙ ወረቀቱን ይደፍኑታል፤ የተደፈነ ወረቀት አይቆርጥም፤ ሠራተኛው አጥብቆ ይጫናል፤ ሙቀቱ ይጨምራል።

ስለዚህ ለዚህ ስፋት ሲቆርጡ በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ዙር ይበቃል፤ ሲያለሰልሱ ግን ወደ 300 ወይም ከዚያ በታች ያውርዱት። ወረቀቱን በባዶ ጣት ይያዙ። ጣትዎን ማቃጠል ከጀመረ እንጨቱም ግሏልና ያቁሙ። በቁጥር 120 ወረቀት ጀምረው ወደ ለስላሳዎቹ 180፣ 240 እና 320 በቅደም ተከተል ይለፉ፤ የተደፈነውን ወረቀት ሳይሳሱ ይጣሉ። የጥድ ብናኝ ሳንባን ያስቆጣልና ማስክ ያድርጉ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ለወረቀቱ ብዙ ሥራ አለመተው ነው። የመጨረሻው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲቀር ጎድጓዳ መሮውን እንደገና ይሳሉት። ውጪውን ከመቀመጫው ወደ ከንፈሩ፣ ውስጡን ከከንፈሩ ወደ መሃል ይቁረጡ። በተቃራኒው ከሄዱ ጭረቱ ይነቀልና ያን ለማጥፋት ረጅም ፍተጋ ይጠብቅዎታል። የግድግዳውም ውፍረት ከ8 ሚሊ ሜትር ባይወርድ ይመረጣል፤ ስስ ግድግዳ ቶሎ ይግላል።

የተሰነጠቀውን ለማዳን፣ ውፍረቱ ከፈቀደ በተሳለ መሮ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያንሱለት፤ የሙቀት ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም። ከከንፈሩ ጀምሮ ግድግዳውን ዘልቆ ከሆነ ግን ዳግመኛ አያሽከርክሩት፤ ተበጥሶ ፊት ላይ ሊመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ የጥድ ሳህኔን የተልባ ዘይት ከቀባሁት ሦስት ሳምንት ሆነው፤ አሁንም እጅ ላይ ይጣበቃል። (ከጎንደር)

መልስ፦ ያልፈላ የተልባ ዘይት በራሱም ቀርፋፋ ነው፤ በዚህ ላይ የጥድ ቅባት መድረቁን ያዘገየዋል። የሚጣበቀውን በቴሬፒንቲን (ቀለም ማቅጠኛ) በራሰ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁን ጠቅልለው አይጣሉ፤ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግተው ውጭ ያድርቁት። ቀጥሎ ገጹን በአልኮል ጠርገው፣ 100 ግራም ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የእንጨት መቀቢያ ሙጫ) በግማሽ ሊትር አልኮል አሟሙተው ሁለት ጊዜ በስሱ ይቀቡ። ሼላክ ቅባቱን ከሥር ስለሚያፍን በላዩ ሰም ወይም ቫርኒሽ ቢቀባ ይይዛል። ክዳን ያለው ዕቃ ከሆነ ግን ውስጡን ምንም አይቀቡ። የታፈነው የጥድ ሽታ ቀለሙን መልሶ ያለሰልሰዋል፤ ሽታውም ቢሆን ሰው ጥድን የሚወድበት ምክንያት ነውና ሳይታፈን ቢቀር ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ በጥድ ሳህን ምግብ ይቀርባል?

መልስ፦ አንመክርም። ሽታውና ምሬቱ ወደ ምግቡ ይገባል፤ ቅቤና ትኩስ ነገር ደግሞ ፈጥነው ይስቡታል። ለምግብ ዋንዛ ወይም ወይራ ይምረጡ። ጥዱን ለጌጣጌጥ፣ ለቁልፍ፣ ለክርና ለመርፌ ማስቀመጫ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ዛፍ ሳልቆርጥ ጥድ ከየት አገኛለሁ?

መልስ፦ ከፈረሰ አሮጌ ቤት ምሰሶ። ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ በሕግ ያስጠይቃል፤ የአሮጌ ምሰሶ እንጨት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ የደረቀ ነው። ወደ ቶርኖ ከመውሰድዎ በፊት ዙሪያውን ማግኔት ያሳልፉበት። ተሰብሮ ውስጥ የቀረ አንድ ምስማር የመሮውን ስለት ይጨርሰዋል። ግንዱን በመሃሉ ለሁለት ሰንጥቀው፣ የመሃል ነጥቡን ከየግማሹ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር አስወግዱ፤ ስንጥቅ የሚነሣው ከዚያ ነው። ከ15 ሳንቲ ሜትር ምሰሶ ትልቅ ሳህን አይወጣም፤ ትንሽ ጎድጓዳ ግን ይወጣል።